የባሕር ኃይል የኤስቢአይአር ገንዘብ፦ ብቁነት፣ በጀት፣ መብትና ጨው ውሃ

ታዛ_ቴክ

ሰላም ለሁላችሁ። ድርጅታችን ቨርጂንያ ውስጥ የተመዘገበ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ነው፤ ባለቤቶቹ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ አሜሪካዊ ዜጋ፣ አንዱ ግሪን ካርድ ያለው፣ ድርሻቸው እኩል። ሌላ ሠራተኛ የለም። የታሰበው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለአነስተኛ ድርጅቶች በኤስቢአይአር (የአነስተኛ ድርጅቶች የምርምርና የፈጠራ ፕሮግራም) በኩል ከሚያወጣቸው የምርምር ርዕሶች አንዱ ነው፦ እስከ 200 ሜትር ወርዶ ለወራት ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ። በዚህ ድርሻ መወዳደር ይቻላል? ሶፍትዌሩን አዲስ አበባ የሚኖር ፕሮግራመር ቢሠራው ችግር አለው? የሚሰጠው 140 ሺህ ዶላር እንዴት ይደለደላል? ሲያልቅስ ቴክኖሎጂው የማን ነው? ማበረታቻውን ተዉትና ደረቁን አምጡልኝ።

ነቁጥ

ከብቁነቱ ልጀምር። ድርጅቱ ለትርፍ የተቋቋመ፣ አሜሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ ከ50 በመቶ በላይ ድርሻው በአሜሪካ ዜጎች ወይም በቋሚ ነዋሪዎች የተያዘ፣ ከተዛማጅ ድርጅቶቹ ጋር ተደምሮ ከ500 ሠራተኛ ያልበለጠ መሆን አለበት። ግሪን ካርድ ቋሚ ነዋሪነት ስለሆነ የሁለታችሁም ድርሻ ይቆጠራል። እዚህ ላይ ሐሳብ አይግባችሁ።

ሰው የሚሰናከለው ዋና ተመራማሪው ላይ ነው። ኮንትራቱ ሲሰጥና ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ከግማሽ በላይ የሥራ ጊዜው በእናንተ ድርጅት መሆን አለበት። ሌላ ቦታ ሙሉ ሰዓት ተቀጥሮ «ማታ ማታ እሠራዋለሁ» የሚባል ነገር የለም። ማመልከቻው ሲገባ ግን ሥራውን መልቀቅ አይጠበቅበትም፤ የሚታየው ኮንትራቱ በሚሰጥበት ቀን ያለበት ሁኔታ ነው።

ምዝገባው በቅደም ተከተል ይሂድ፦ መጀመሪያ ሳም ዶት ጎቭ፣ ማለትም የመንግሥት ተቋራጮች መዝገብ፤ መለያ ቁጥሩና ኬጅ ኮድ የሚባለው የተቋራጭ መለያ የሚገኙት ከዚያ ነው። ቀጥሎ በኤስቢአይአር ዶት ጎቭ የድርጅቶች መዝገብ ገብታችሁ የራሳችሁን መለያ ትወስዳላችሁ። በመጨረሻ ማመልከቻ የሚገባበት የመከላከያው ፖርታል፣ ዲሲፕ። ሳም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። የሚያዘገየው አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነገር ነው፤ የድርጅቱ ስም ወይም አድራሻ በግብር መሥሪያ ቤቱ፣ በክፍለ ግዛቱ ሰነድና በሳም ላይ ፊደል በፊደል አለመመሳሰሉ። አንዱ ጋ «ስዊት 200» ሌላው ጋ «ቁጥር 200» ከተጻፈ ቆሞ ይቀራል። ምዝገባው ነፃ ነው፤ «እናስመዝግብላችሁ» እያሉ በኢሜል ገንዘብ የሚጠይቁትን እለፏቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሞ ይታይ። ፕሮግራሙ ኮንግረስ በየጊዜው የሚያድሰው ነው፤ በ2022 የተደረገው ማራዘሚያ ያበቃው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ነው። አንድ መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ፖርታሉ ላይ የተከፈተ ጥሪ መኖሩን አረጋግጡ።

ሰፊው_ባሕር

የአዲስ አበባው ልጅ ጉዳይ አጭር መልስ አለው፦ አይሆንም። የምርምርና የልማት ሥራው አሜሪካ ውስጥ መሠራት አለበት። ከዚህ ውጭ ለማድረግ የኮንትራት ሹሙ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሚሰጠውም ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ሲኖር ነው። ፕሮግራመር ሌላ ቦታ ይገኛል።

ርዕሱ ላይ የአይታር (የጦር መሣሪያና የተዛማጅ ቴክኖሎጂ ኤክስፖርት ደንብ) ማሳሰቢያ ካለ ነገሩ ይከብዳል። ቴክኒካዊ መረጃውን ወደ ውጭ መላክ ብቻ ሳይሆን በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ስክሪን ማሳየትም ኤክስፖርት ነው። አሜሪካ ውስጥ ያለ ሰውም ቢሆን በኤች ዋን ቢ የሥራ ቪዛ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ «የውጭ ሰው» ነው። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት ያገኘና ስደተኛ ሆኖ የገባ ግን እንደ አሜሪካ ሰው ይታያል። ቪዛ ላይ ያለ ሰው በሥራው ከተካተተ ስሙ፣ አገሩ፣ የቪዛው ዓይነትና የሚሠራው ነገር በማመልከቻው ተለይቶ ይጻፋል። ደብቆ ማለፍ ከውድድሩ መውደቅን ብቻ አያመጣም፤ ሐሰተኛ መግለጫ ነው።

የማመልከቻው ሰባተኛ ክፍል የውጭ ግንኙነት መግለጫ ነው። በዋናነት የሚያሳስባቸው ከቻይና፣ ከሩሲያ፣ ከኢራንና ከሰሜን ኮሪያ ጋር ያለ የገንዘብ፣ የሥራ ወይም የቴክኖሎጂ ትስስር ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ዝርዝር የለችም። ቢጫ ካርድም ዜግነት አይደለም፤ አትደናገጡ።

ግን እኩል ድርሻችሁ ላይ አንድ ነገር አለ። ፕሮግራሙ ሦስት ምዕራፍ ነው፦ መጀመሪያ መቻሉን ማሳየት፣ ቀጥሎ ናሙናውን መሥራት፣ በመጨረሻ ግዢ። ብዙ የባሕር ኃይል ርዕሶች ሥር «ሁለተኛው ምዕራፍ ምስጢራዊ ሊሆን ይችላል» የሚል ማስታወሻ ይገኛል። የምስጢር ፈቃድ የሚሰጠው ለዜጋ ብቻ ነው። ድርጅቱም ፈቃዱን ራሱ አይጠይቅም፤ ስፖንሰር ያስፈልገዋል፣ የበላይ ኃላፊውም ዜጋ መሆንና ፈቃዱን ማግኘት አለበት። ስለዚህ የኤልኤልሲው ውል ላይ ማኔጂንግ ሜምበር (አስተዳዳሪ አባል) ተብሎ የተጻፈው ማን እንደሆነ አሁኑኑ እዩ። ዜጋው ቢሆን ይሻላል።

ሒሳብ_ቤት

በጀቱን ለእኔ ተዉት። የባሕር ኃይል የመጀመሪያ ምዕራፍ ሁለት ቁራጭ ነው። መነሻው ከ140,000 ዶላር ያልበለጠ፣ 6 ወር። አማራጩ ከ100,000 ያልበለጠ፣ 6 ወር። አማራጩን «በኋላ እንጠይቃለን» ብላችሁ እንዳታስቀሩት፤ ሁለተኛው ምዕራፍ እስኪፈረም ሰውን ደመወዝ እየከፈሉ ለማቆየት የተሠራ ድልድይ ነው። ማመልከቻው ውስጥ ያልተካተተ አማራጭ በኋላ አይኖርም።

መነሻውን በምሳሌ ላስላው፤ መቶኛዎቹ የእናንተን ሒሳብ ተከትለው ይለወጣሉ።

ዋና ተመራማሪ 320 ሰዓት በ62 ዶላር፣ 19,840። መሐንዲስ 480 ሰዓት በ48 ዶላር፣ 23,040። ደመወዝ በድምሩ 42,880። ጥቅማጥቅም 28 በመቶ፣ 12,006። በሁለቱ ድምር ላይ ኦቨርሄድ (እንደ ኪራይ ያለ ተዘዋዋሪ ወጪ) 45 በመቶ፣ 24,699። እስካሁን 79,585 ሆነ። ዕቃ 9,500፣ ዩኒቨርሲቲ በሰብኮንትራክት 30,000፣ ጉዞ 1,400 ሲጨመር 120,485። ጠቅላላ አስተዳደር 9 በመቶ፣ 10,844፤ ጠቅላላ ወጪው 131,329። ትርፍ 6 በመቶ፣ 7,880። መጨረሻው 139,209።

አሁን የድርሻውን ፈተና አድርጉ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ሥራ በድርጅቱ ይሠራል፤ የሚለካው በቀጥታና በተዘዋዋሪ ወጪ ነው፣ ትርፉ አይገባም። 30,000 ለ131,329 ሲካፈል 22.8 በመቶ ነው፤ ከ33.3 በታች ስለሆነ ያልፋል። ዩኒቨርሲቲው 45,000 ቢጠይቅና ሌላውን ሳትነኩ ብታስገቡት ግን ከጣሪያው በላይ ትወጣላችሁ፤ ከራሳችሁ ሰዓት ስትቀንሱ ደግሞ ድርሻው ይበላሻል። የሰብኮንትራክተሩ ዝርዝር ዋጋ አብሮ ይግባ፤ «ዩኒቨርሲቲ፦ 30,000» ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ድርድር ላይ ያስቆማል።

ክፍያው በቁርጥ ዋጋ ነው፦ በ15ኛው ቀን 50 በመቶ፣ በ90ኛው 35፣ በ180ኛው 15። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ገንዘብ ስለሚገባ ዕቃችሁን ያኔ እዘዙ። ከዚህ ሌላ ለገበያ ጥናትና ለመሰል እርዳታ እስከ 6,500 ዶላር ከ140 ሺሁ በላይ መጠየቅ ይቻላል፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ታዛ_ቴክ

እህቴ ተባረኪ። ባለቤቶቹ ደመወዝ ሳይቆርጡ ከትርፉ ቢወስዱስ?

ሒሳብ_ቤት

በመጀመሪያው ምዕራፍ ቁርጥ ዋጋ ስለሆነ ማንም ደረሰኝ አይጠይቅም፤ ችግሩ ሁለተኛው ላይ ነው። የባሕር ኃይል ሁለተኛ ምዕራፍ አብዛኛውን ጊዜ ወጪን ተክቶ ቁርጥ ትርፍ የሚጨምር ኮንትራት ነው። እዚያ ላይ የትርፍ ክፍፍል የጉልበት ወጪ ተብሎ አይያዝም፤ በሰዓት የተመዘገበና በእርግጥ የተከፈለ ደመወዝ መሆን አለበት። ስለዚህ ሥርዓቱን ከመጀመሪያው ቀን ዘርጉት።

ኦዲተሮቹ የሚመጡት ኤስኤፍ 1408 የሚባለውን ቅጽ ይዘው ነው። የሚያዩት፦ ቀጥተኛና ተዘዋዋሪ ወጪ ተለይቷል ወይ፣ ወጪው በየኮንትራቱ ይሰበሰባል ወይ፣ የሰዓት መዝገብ አለ ወይ፣ የማይፈቀዱ ወጪዎች ለብቻ ተቀምጠዋል ወይ፣ መዝገቡ ቢያንስ በየወሩ ይዘጋል ወይ። ኩዊክቡክስ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ይበቃል፣ የሒሳብ መደቦቹን ማዋቀር ማወቅ ብቻ ነው። መጠጥ፣ መዝናኛ፣ የብድር ወለድ፣ መዋጮ፣ ቅጣት፣ እነዚህ የማይፈቀዱ ናቸው፤ ለየብቻ መደብ ይከፈትላቸው። የሰዓት መዝገቡን ሠራተኛው ራሱ፣ በየቀኑ ይሙላ፤ አለቃው ይፈርም። አርብ ማታ የሳምንቱን ሁሉ «8፣ 8፣ 8፣ 8፣ 8» ብሎ የተሞላ መዝገብ ኦዲተር ከሩቅ ያውቀዋል።

መልሕቅ

ልጆች፣ ስለ ወረቀቱ ብዙ ተባለ፤ ዕቃውን ማን ያየው?

200 ሜትር ማለት ከአየሩ ግፊት በላይ 20 ባር ገደማ ነው። አንድ ተኩል እጥፍ አድርጋችሁ በ30 ባር ፈትኑት። የመሣሪያውን ማቀፊያ ከ316 ስቴንለስ ስቲል ለመሥራት የሚቸኩል ብዙ ነው፤ ወጥ ቤት ውስጥ አይዝግም እኮ። ባሕር ውስጥ ግን ዝገቱ ኦ-ሪንጉ (ውሃ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት) ከተቀመጠበት ጠባብ ክፍተት ይጀምራል። እዚያ የታሰረው ውሃ ኦክስጅኑ ያልቃል፣ ብረቱን የሚጠብቀው ስስ ሽፋን አይታደስም፣ የጨው ክሎራይድ ገብቶ ይቦረቡረዋል። ከውጭ ሲያዩት የሚያብለጨልጭ፣ ሲከፍቱት የጎማው መቀመጫ የተበላ ይሆናል። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ ታይታኒየም ግሬድ 2 ወይም 5 ውሰዱ። ገንዘብ ካነሰ 6061 አሉሚኒየም ከወፍራም አኖዳይዝ (የኦክሳይድ መከላከያ ሽፋን) ጋር፤ ግን ሽፋኑ አንድ ቦታ ከተጫረ ዝገቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይወርዳል። በማቀፊያው ፋንታ የሚበላ የዚንክ አኖድ ጨምሩበት። አሉሚኒየም ላይ የታይታኒየም ብሎን ያለ ማግለያ ማሰር አሉሚኒየሙን ለባሕር መገበር ነው።

ኦ-ሪንግ ሁለት ይሁን። የጭመቃው መጠን 20 በመቶ አካባቢ። የሲሊኮን ቅባት በሲሊኮን ጎማ ላይ አትቀቡ፣ ያብጣል። አንድ የጸጉር ዘለላ ለማፍሰስ ይበቃል፣ ስለዚህ ከተዘጋ በኋላ በቫኩም ቀዳዳው አየሩን ግማሽ ባር ያህል ሳቡና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ የግፊት መለኪያው መርፌ ከተንቀሳቀሰ ዕቃው ወደ ውሃ አይሄድም። በሜሪላንድ ነሐሴ አየር ተዘግቶ 5 ዲግሪ ውሃ ውስጥ የገባ ማቀፊያ ውስጡ ጤዛ ያወጣል፤ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ሲሞት «ውሃ ገባ» ይባላል እንጂ አልገባም። በደረቅ አየር ወይም በናይትሮጅን ሙሉት፣ ሲሊካ ጄልም ይግባ።

ባትሪ ላይ ተጠንቀቁ። ሊቲየም ማንኛውም የባሕር ኃይል መድረክ (መርከብ፣ ሰርጓጅና የመሳሰለው) ላይ ሲወጣ በናቭሲ (የባሕር ኃይሉ የመርከብ ሥርዓቶች ዕዝ) መመሪያ ኤስ9310 መሠረት የደኅንነት ምርመራ ያልፋል፤ ጊዜውም ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ለመጀመሪያው ምዕራፍ የአልካላይን ዲ ባትሪ ተጠቅማችሁ ሊቲየሙን በሁለተኛው ዕቅድ ውስጥ ከነምርመራው ጻፉት። የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ደግሞ አይቅር። ትንሽ ውሃ የገባበት ባትሪ ጋዝ ያወጣል፣ መርከብ ላይ ወጥቶ ሲከፈት ክዳኑ ሰው ይመታል።

ሰፊው_ባሕር

በመልሕቅ ንግግር ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ከአክብሮት ጋር። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚጠየቀው «ይቻላል ወይ» የሚለውን ማሳየት ነው። የታይታኒየም ማቀፊያ አሠርቶ 9,500 ማውጣት የገምጋሚውን ነጥብ አያሳድግም። ገምጋሚው የሚያየው የቴክኒክ ብቃቱን፣ የሠራተኞቹን ብቃትና ወደ ገበያ የመግባት ዕድሉን ነው። ያ ገንዘብ ለምልክት ማቀነባበሪያው ሰዓት ቢሆን ይሻላል።

መልሕቅ

ታይታኒየም በመጀመሪያው ምዕራፍ ግዙ አላልኩም። አሴታል ፕላስቲክ ቱቦ ወይም የአሉሚኒየም ክዳን አስቆርጠህ፣ ውስጡን ባዶ አድርገህ በግፊት ታንክ ውስጥ ብታስገባው የጠቀስከውን ሩብ አይፈጅም። ጥቅሙ ግን አለ፦ በሪፖርቱ ላይ «በ30 ባር ለ24 ሰዓት፣ ፍሳሽ ዜሮ» የሚል መስመር ያለው ድርጅት ሁለተኛውን ምዕራፍ ሲጠይቅ የሚያሳየው ነገር አለው። ስሌት ብቻ ያቀረበው ሰው በስሌት ይቀራል። ለዕቃ 4,000 በቂ ነው፤ የቀረውን ለሰዓቱ ስጡት፣ በዚያ እስማማለሁ።

መርከብ ላይ የሚታሰር ክፍል ካላችሁ፣ ማለትም መቀበያው ሳጥን፣ የድንጋጤ (የኃይለኛ ምት) ፈተናው ሚል ዲቲኤል 901ኢ የሚባለው የወታደራዊ መስፈርት ነው። እስከ 550 ፓውንድ የሚመዝን ዕቃ ለቀላል ክብደት በተሠራው ማሽን ይፈተናል፦ 400 ፓውንድ መዶሻ ከ1፣ ከ3ና ከ5 ጫማ እየተለቀቀ በሦስት አቅጣጫ፣ በጠቅላላ 9 ምት። መጀመሪያ የሚበላሹት በሶኬት ብቻ የተሰኩ ሰሌዳዎች፣ ረጃጅም ካፓሲተሮችና ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠሩ እግሮች ናቸው። አሁን አትፈትኑት፣ ነገር ግን ሰሌዳውን ስትስሉ ካፓሲተሩን አስተኙትና አጣብቁት፤ በኋላ እንደገና ከመሳል ይሻላል። ንዝረቱ በወታደራዊው መስፈርት ሚል ስታንዳርድ 167፣ የኤሌክትሮማግኔት ጣልቃ ገብነቱ በ461 ይፈተናል፤ ሁለቱንም በሁለተኛው ምዕራፍ በጀት ውስጥ ለብቻ መስመር ስጧቸው።

ጥቁር_አንበሳ_ዲሲ

ዩኒቨርሲቲው የሥራው ልብ ከሆነ ለምን ኤስቲቲአር፣ ማለትም ከምርምር ተቋም ጋር በጋራ የሚሠራበት እህት ፕሮግራም፣ አይሆንም? እዚያ ድርጅቱ ቢያንስ 40፣ የምርምር ተቋሙ ቢያንስ 30 በመቶ ይሠራሉ፤ ዋና ተመራማሪውም የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪ መሆን ይችላል። ነቁጥ ያነሳው የግማሽ ጊዜ ችግር ይፈታል።

ነቁጥ

ይፈታል፣ ግን ሌላ ይጨምራል። በሁለቱ መካከል የአእምሯዊ ንብረት ክፍፍል ስምምነት መፈረም አለበት፤ የዩኒቨርሲቲ ጽሕፈት ቤት ፊርማ ደግሞ እንደ መስቀል ደመራ ቀኑን ጠብቆ ነው። ርዕሱም ራሱ በኤስቲቲአር የወጣ መሆን አለበት፤ የኤስቢአይአርን ርዕስ በኤስቲቲአር ማመልከት አይቻልም።

ወደ መብቱ ልመለስ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ተነስቶ እስካሁን ያልተመለሰው እሱ ስለሆነ። ቴክኖሎጂው የእናንተ ነው። መንግሥት ግን ፈቃድ አለው፤ ከ2019 ጀምሮ ባለው ደንብ ለ20 ዓመት መረጃችሁን ከመንግሥት ውጭ አውጥቶ ለተፎካካሪ መስጠት አይችልም። ቀደም ሲል በመከላከያ ኮንትራቶች ሥራው ካለቀ በኋላ 5 ዓመት ብቻ ነበር።

ይህ ጥበቃ ግን በራሱ አይሠራም። በምታስረክቡት እያንዳንዱ ሪፖርት፣ ሥዕል፣ የኮድ ፋይልና በዕቃው ላይም ጭምር የተወሰነው የመብት ማሳሰቢያ፣ የድርጅቱ ስም፣ የኮንትራቱ ቁጥርና መብቱ የሚያበቃበት ቀን ያለበት፣ መለጠፍ አለበት። ቃላቱ ከኮንትራቱ አንቀጽ ሳይለወጡ ይገለበጣሉ። ናይት ቪዥን ኮርፖሬሽን የተባለ ድርጅት ለአየር ኃይል በኤስቢአይአር የሌሊት መነጽር ሠርቶ ነበር፤ ያስረከባቸው ናሙናዎች ላይ ማሳሰቢያ አልነበረም። ክሱን በፌዴራል የይገባኛል ፍርድ ቤት ተሸነፈ፣ በ2006 ይግባኝ ሰሚውም አጸናበት። ስለዚህ ማቀፊያው ላይ በሌዘር ይቀረጽ፤ የወረቀት ስቲከር ጨው ውሃ ይበላዋል። ከኮንትራቱ በፊት በራሳችሁ ገንዘብ የሠራችሁት ካለ ደግሞ በማመልከቻው ጊዜ በዝርዝር አስታውቁ።

ጥቁር_አንበሳ_ዲሲ

ከርዕሱ ጸሐፊ ጋር መነጋገርን ማንም አላነሳም። ርዕሱ ቀድሞ ሲወጣ፣ ማመልከቻ ገና ሳይከፈት፣ የቴክኒክ ኃላፊው ስም ከርዕሱ ሥር ይገኛል፤ በዚያ ጊዜ ብቻ በቀጥታ መደወልና መጻፍ ይፈቀዳል። ከተከፈተ በኋላ ጥያቄው ሁሉ በፖርታሉ ላይ በይፋ ነው፤ መልሱን ተፎካካሪያችሁም ያነበዋል። ስትደውሉ «ሐሳባችን ጥሩ ነው?» አትበሉ። «አሁን ምን እየተጠቀማችሁ ነው? ምኑ ነው የማይሠራው? ዕቃው ቢሳካ የትኛው የግዢ ፕሮግራም ይረከበዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጨረሻው መልስ የላቸውም ማለት ሦስተኛው ምዕራፍ በጭጋግ ነው። ያኔ ሌላ ርዕስ ፈልጉ።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የኤስቢአይአር ገንዘብ የለም፤ ከፕሮግራሙ የራሱ በጀት ነው። ጥንካሬው ሌላ ነው፦ ሥራው ከቀደሙት ምዕራፎች የመነጨ ከሆነ መንግሥት ያለ ጨረታ ከእናንተ መግዛት ይችላል። ፌርፋክስ ቨርጂንያ የነበረው ዲጂታል ሲስተም ሪሶርስስ በባሕር ኃይል ኤስቢአይአር የጀመረው ሁለገብ ፕሮሰሰር በ1990ዎቹ የሰርጓጅ መርከቦችን ሶናር ባደሰው ኤአርሲአይ ፕሮግራም ውስጥ ገባ፤ ድርጅቱን በ2003 ጄኔራል ዳይናሚክስ ገዛው። የተሳካለት ገበያ ላይ ከሚሸጥ ኮምፒውተር ተነስቶ በየጊዜው የሚታደስ ሶፍትዌር ስላቀረበ ነው፤ ባሕር ኃይሉ ደግሞ በዚያን ጊዜ በራሱ ውድ ሃርድዌር ተቸግሮ ነበር። ችግሩና ገዢው አንድ ቦታ ተገናኙ። የምትኖሩት ሰሜን ቨርጂንያ ከሆነ ሜሪላንድ ናሽናል ሃርበር የሚካሄደውን የሲ ኤር ስፔስ ኤግዚቢሽን አትዝለሉት፤ የፕሮግራም ቢሮ ሰዎች ይገኙበታል።

ታዛ_ቴክ

ይህን ሁሉ ስላካፈላችሁኝ አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ያው ማመልከቻ ለሌላ መሥሪያ ቤትም ቢገባስ? ሲገባ የሚያሰናክል ነገርስ አለ?

ሒሳብ_ቤት

ማስገባት ይቻላል፤ ማስታወቅ ግን ግዴታ ነው። ለተመሳሳይ ሥራ ከሁለት ቦታ መከፈል ደግሞ የተከለከለ ነው፤ በሐሰተኛ የክፍያ ጥያቄ ሕግ እስከ ሦስት እጥፍ ያስመልሳል። አንዱ ከተሰጣችሁ ሌላውን አሳውቃችሁ ሰርዙ።

ነቁጥ

ቴክኒኩ ክፍል ከ10 ገጽ አይበልጥም፣ የአማራጩ ሥራም በዚያው 10 ገጽ ውስጥ ነው። ፊደሉ ከ10 ነጥብ አያንስም፣ ኅዳጉ በአራቱም በኩል 1 ኢንች፣ አንድ ዓምድ። 11ኛ ገጽ ካለ ይዘቱ ሳይነበብ ውድቅ ነው። የሥዕል መግለጫዎችን በ7 ነጥብ ማጨቅም ዋጋ ያስከፍላል።

መዝጊያው በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት «12፡00 ፒኤም» ተብሎ ይጻፋል። ይህ እኩለ ሌሊት አይደለም፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። የድርጅቱ ኃላፊ አረጋግጦ ካላስገባው ሁሉም ክፍል አረንጓዴ ቢሆንም አልገባም። ከገባ በኋላ አንድ ቃል ለማረም ከከፈታችሁት እንደገና ማረጋገጥ አለባችሁ፤ ሁኔታው «ሰብሚትድ» የሚል መሆኑን አይታችሁ የማረጋገጫውን ገጽ አትማችሁ አስቀምጡ። ከመዝጊያው ሁለት ቀን ቀድማችሁ ጨርሱ፣ የመጨረሻው ጠዋት ፖርታሉ ይጨናነቃል።